እትዬ አሰለፈችና የጨፌው ወፎች

እትዬ አሰለፈች ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወራት በኋላ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ጋሪ ስጠብቅ አንድ ሰው ከኋላዬ «መምህር!» ብሎ ጠራኝ። ዞር ስል አያ ደረሰ ናቸው። በደርግ ጊዜ ቡሬ አጠገብ የነበረው የገበሬዎች አምራች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ያን ቀን ለዓይናቸው ሕክምና ሆስፒታል መጥተው ወደ ቡሬ ሊመለሱ ነው።

«እኒያ የስልክ ቤቷ ሴትዮ አረፉ እኮ፤ አልሰማህም?» አሉኝ ገና እጄን እንደያዙ።

«መቼ?»

«በክረምቱ ነው፤ ነሐሴ ላይ። ጭቃው አላስኬድ ብሎን በስንት መከራ ቀበርናቸው።»

«ከዘመድ ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል ብለህ ነው? እኛው ነን፤ የጨፌው ሰዎች።»

አውቶቡሳቸው ጥሩምባውን ሲነፋ ተሰናብተውኝ ገቡ። ጋሪ መጥቶ ነበር፤ አልተሳፈርኩም። በእግሬ ወደ ቤቴ እየሄድኩ የእትዬ አሰለፈችን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ሁለት ድምፅ ነበራቸውና የቱን እንደማስታውስ ቸገረኝ።

አንደኛው የሥራ ድምፃቸው ነው። እትዬ አሰለፈች የቡሬ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ ስልክ መደወል የፈለገ ሰው ስልክ ቤት ሄዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። እሳቸው እጀታውን አሽከርክረው «ሀሎ ማርቆስ! ማርቆስ፣ ይሰማኛል?» እያሉ ይጮኻሉ። የማርቆስ ስልክ ቤት ካልሰማ የፍኖተ ሰላሙን፣ ፍኖተ ሰላም ካልሰማ እንደገና ማርቆስን። ነፋስ በበረታ ቀን ጩኸታቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛው የቤት ድምፃቸው ነው። ከሥራ ሲወጡ ጉሮሯቸው ስለሚደክም ቤት ውስጥ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነበር። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ቡሬ ስመደብ የተከራየኋት ክፍል ከእሳቸው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ነበር የምትለየው። ከግድግዳው ወዲያ ግን ኮሽ የሚል ነገር ስለሌለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎረቤት ያለኝ አልመሰለኝም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ትንሽ ወደፊት ያዘነበሉ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳው ይጠጋል። ቀን ሙቀት ይሁን ብርድ፣ ትከሻቸው ላይ ቢጫ የሱፍ ሻል አይጠፋም። ከተማው ውስጥ ማን ተጣላ፣ ማን ታመመ፣ ማን ታሰረ፣ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከአፋቸው ግን አንድ ቃል አይወጣም። አንድ ባልደረባዬ ሊያወጣጣቸው ሲሞክር «እኔ የሰማሁትን እዚያው ሽቦው ላይ ትቼ ነው የምወጣ» ብለው እንደመለሱት ትዝ ይለኛል። ይመስለኛል ሰው የራቃቸውም ለዚሁ ነው። ጉዳዩን ሁሉ የሚያውቅበትን ሰው ማን ደፍሮ ቤቱ ይጠራል? በዓውደ ዓመት እንኳ በራቸው ሲንኳኳ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ይበልጣል ይባላል። ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አስመራ ከደረሰ በኋላ አንድ ሁለቴ ደኅንነቱን ላከላቸው፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የሚውሉት እትዬ አሰለፈች የራሳቸውን ልጅ ማግኘት አቃታቸው። አንድ ቀን ከስንት ልመና በኋላ ማርቆስ ለአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ለአስመራ ተቀባብለው አንድ የጦር ሰፈር ስልክ ተነሣላቸው።

«ያነሣው ልጅ ትሑት ነው» አሉኝ ሲያጫውቱኝ። «ይበልጣል የሚባል ወታደር ፈልጌ ነው ስለው፣ ‹እናቴ፣ እዚህ ብዙ ይበልጣል አለ፤ የትኛውን ነው?› አለኝ። የአባቱን ስም ልነግረው ስል ሽቦው ተቋረጠ።»

ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ድምፃቸው ብቻ ከወትሮውም ዝቅ አለ።

ወፎቹን ያሳዩኝ በኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«መምህር፣ ሥራው የማይቸኩል ከሆነ እግርህን አፍታታ። እንግዶች መጥተውልኛል።»

ቤታቸው ዘመድ የመጣ መስሎኝ ሸሚዝ ቀየርኩ። እሳቸው ግን ወደ በራቸው አልተመለሱም። በከብት ገበያው አልፈን ከከተማው ወጣን፤ የክረምት ውሃ ተኝቶበት እስከ በጋው አጋማሽ ወደማይደርቀው ሰፊ ጨፌ ወረድን። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፃቸውን ነው፤ ከሩቅ እንደሚነፋ መለከት ያለ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንከባለል ጩኸት። ከዚያ አየኋቸው። ቁመታቸው እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ፣ አመድማ፣ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ፣ አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው ወፎች። ብዙ ሆነው ውሃው ዳር ቆመዋል።

የአገሩ ሰው እግረ ረጅሙን ወፍ ሁሉ ሽመላ ነው የሚለው። እነዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ ከምናየው ሽመላ የተለዩ ነበሩ፤ በሌላ ቦታ አየናቸው የሚል ሰውም አላጋጠመኝም። እትዬ አሰለፈች «እንግዶቹ» ከማለት በቀር ስም አላወጡላቸውም። የክረምቱ ውሃ መጉደል ሲጀምር፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ይመጣሉ፤ መጋቢት ላይ ይሄዳሉ።

እሳቸው ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ቀረቡ። ድንጋይ ቢወረውሩ ሊያገኟቸው በሚችሉበት ርቀት፣ ከዚያም ባነሰ፣ ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ወፎቹ ቀና እንኳ አላሉም። እኔ ስከተል ግን አንገት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመዘዘ።

«አዲስ ሰው ስለሆንህ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቁጭ በል። እጅህን አታወዛውዝ።»

ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይተው ወፎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እትዬ አሰለፈችም ዓይናቸውን ከወፎቹ ሳያነሡ፣

«አንተ ጂኦግራፊ ነው የምታስተምር። እነዚህ በየት በኩል ነው የሚመጡ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከሩቅ ነው፤ ከሰሜን። አገራቸው በረዶ ሲሆን ሸሽተው ነው የሚመጡት።»

«በአስመራ ላይ ያልፋሉ?»

እርግጠኛ አልነበርኩም። «ሊያልፉ ይችላሉ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ደኅና ነው» አሉና ሻላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ከሥራ ውጪ ያለውን ጊዜያቸውን ሁሉ እዚያ ነበር የሚያሳልፉት። አንድ ሰሞን የቀበሌ ጥበቃዎች «ይህች ሴት ጨፌ ውስጥ ማንን ነው የምታገኝ?» ብለው ተከታትለዋቸዋል። ወፍ እያዩ ሲውሉ አይተው እየሳቁ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ከእሳቸው ለመራቅ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኘ።

በሁለተኛው ዓመቴ የእነ አያ ደረሰ ማኅበር የጨፌውን ዳር አርሶ ሽምብራ ዘራበት። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሽምብራው ቶሎ በቀለ። ወፎቹም እንደ ወትሯቸው መጡ። ለእነሱ ጨፌው ያው ጨፌ ነው። ጠዋት ከውሃው ተነሥተው እርሻው ላይ ይሰፍሩና ዘሩን በረጅም አፋቸው እየቆፈሩ ያወጡት ጀመር። ማኅበሩ ደግሞ ለመንግሥት የሚያስገባው የእህል ኮታ አለበት።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እትዬ አሰለፈች በሬን አንኳኩ። በጉርብትናችን ደጄን ሲያንኳኩ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ዛሬ ባገናኘሁት ስልክ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አያ ደረሰ ፍኖተ ሰላም ደውለው መርዝ አስፈቀዱ። ከእህል ለውሰው እርሻው ላይ ሊበትኑት ነው።»

«እና እርስዎ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ነገ ጠዋት አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

በዚያ ዘመን የመንግሥት ስልክ ላይ የሰሙትን መናገር ከሥራ ብቻ አያስወጣም፤ ያሳስራል። ይህን አነሣሁባቸው። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። በማግስቱ እሑድ ነበርና ገና በጠዋቱ አያ ደረሰ ቤት ደረስን። በሬዎቻቸውን ሊያወጡ በረት በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«አያ ደረሰ፣ መርዙን እንዳይበትኑት ልለምንዎ ነው የመጣሁ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«የቱን መርዝ?»

«ትናንት በስልክ የጠየቁትን። የሰማሁት ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው። ማውራቴ እንደሚያስጠይቀኝ አውቃለሁ። ቢከሱኝም አልክድም። መርዙን ግን ተዉት።»

አያ ደረሰ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«እትዬ፣ እኔስ ወድጄ መሰለዎ? ዘሩን ኸመሬት እያወጡ ጨረሱት። ኮታውን ኸየት አምጥቼ ልሙላ? ወፍ በላብኝ ብል ማን ይሰማኛል?»

«እርሻው ላይ ካልወረዱስ?»

«እንዴት ብለው ነው የማይወርዱ?»

«እኔ እጠብቃለሁ።»

አያ ደረሰ ሳቁ። «እርስዎ? የመንግሥት ሠራተኛ?»

«የሥራ ተራዬን ወደ ከሰዓት አዛውራለሁ። ጠዋት ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ደግሞ መምህሩ።»

እኔን አልጠየቁኝም ነበር። ክፍል የማስተምረው ጠዋት ስለሆነ የምሰጠው ምክንያትም አልነበረኝም።

አያ ደረሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ እትዬ አሰለፈች ቋንቋ ለወጡ። ሁለቱም ከአገው ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፤ የተባባሉት በአገውኛ ስለሆነ አልገባኝም። እሳቸው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። አያ ደረሰ ጎንበስ ብለው የበሬውን ገመድ ሲፈቱ፣ መልሰው ሲቋጥሩ ቆዩ። ከዚያ በአማርኛ፣ «መርዙ መጋዘን ይቀመጥ» አሉ። «አንድ ቀን እርሻው ላይ ሰፍረው ካገኘኋቸው ግን እበትነዋለሁ። በኋላ እንዳይቀየሙኝ።»

ስንመለስ «ምን አሏቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጅዎ ደኅና ነው ወይ አልኳቸው። የእሳቸውም እዚያው አስመራ ነው ያለ።»

ጥበቃ የጀመርን ዕለት ክፍል ከመግባቴ በፊት አብሬያቸው ነበርኩ። ገና ጎህ ሲቀድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮና አንድ ዱላ ይዘው እርሻው መካከል ቆሙ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ወፎቹ እየተጣሩ ከውሃው ተነሡ፣ አንዴ በላያችን ዞሩና እሳቸው አጠገብ ወረዱ። ያውቋቸዋል፤ ቢጫው ሻል ባለበት ምንም ክፉ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም።

እትዬ አሰለፈች ቆርቆሮውን መቱ። ወፎቹ ቀና ብለው አዩዋቸውና መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ደግመው መቱ። አንዱ ወፍ እንዲያውም ቀረብ አለ። ያኔ እትዬ አሰለፈች ዱላቸውን አንሥተው ሮጡባቸው። ያቺ ቤቷ ውስጥ በሹክሹክታ የምታወራ ሴት፣ ማርቆስን በምትጠራበት ድምፅ «ሂዱ! ውጡ!» እያለች ጓል እያነሣች ስትወረውር አየሁ። አንዱ ጓል የአንዱን ወፍ ክንፍ መታው። መንጋው በድንጋጤ እየጮኸ ተነሣና ከጨፌው ማዶ ሄዶ አረፈ።

እትዬ አሰለፈች እርሻው መካከል ቀሩ።

«መታሁት እኮ» አሉኝ።

«ምንም አልሆነም፤ በርሯል።»

«አዎ፤ በርሯል። ለምደውኝ ነበር» አሉና ቆርቆሮውን አነሡ። «ነገ ደግሞ ቀድመን እንምጣ።»

ያን በጋ ሙሉ አንድም ጠዋት አልቀሩም። ሲያተኩሳቸው እንኳ ሄደዋል። እኔ ከሰዓት ሄጄ ስጮኽ እውላለሁ፤ የእኔ ከሥራ አይቆጠርም፤ ከሰዓት የሚወርዱት ጥቂት ናቸው። ወፎቹ ቀስ በቀስ ተማሩ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ሲሰሙ፣ ኋላ ዱላውን ሲያዩ፣ በጥር ገደማ ደግሞ ቢጫው ሻል ገና በከብት ገበያው በኩል ብቅ ሲል መነሣት ጀመሩ። አያ ደረሰ እየመጡ እርሻውን ይዞሩና አንገታቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። መርዙ ከመጋዘን አልወጣም።

በጥምቀት ሰሞን አንድ ከሰዓት ሥራ አልነበራቸውም። ቆርቆሮም ዱላም ሳይዙ ብቻቸውን ወደ ጨፌው ሲወርዱ አየሁና ከኋላ ተከተልኳቸው። ወደ እርሻው አልሄዱም። ድሮ ወደሚቀመጡበት፣ ውሃው ዳር ወዳለው ሳር ነበር የሄዱት። ገና ብዙ ሲቀራቸው መንጋው እንዳለ ተነሣ። እሳቸው ግን ደርሰው ተቀመጡ። ባዶው ውሃ ፊት ለፊት ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ጠበቁ። አንድም አልተመለሰም።

ወደ ከተማው ስንመለስ ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። ቀድመው እሳቸው ተናገሩ።

«ሥራዬን ደኅና አድርጌ ሠርቻለሁ ማለት ነው» አሉ። በራቸው ላይ ስንደርስ ደኅና እደር ሳይሉኝ ገቡ።

ሽምብራው በየካቲት ተሰበሰበ። አያ ደረሰ በአህያ አንድ ስልቻ ጭነው «ይህ የድካምዎ ነው» ብለው አመጡላቸው። ተቀበሉ። እኔ ለቤት የሚሆን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስልቻውን አሸክመውኝ ውሃው ዳር ሄድንና እስከ መጨረሻው ፍሬ ሳሩ ላይ በተኑት። ወፎቹ ከማዶ ሆነው ያዩናል።

«ቶሎ እንሂድላቸው» አሉ ስልቻውን እያራገፉ። «እኛ እያለን አይመጡም።» ሲመገቡ ለማየት እንኳ ዞር ሳይሉ ከፊት ከፊቴ ሄዱ።

በሚቀጥሉት በጋዎችም እንዲሁ አደረጉ። እኔ በሦስተኛው ዓመት ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ፤ ከዚያ በኋላ የከሰዓቱን ጥበቃ የያዙት አያ ደረሰ ራሳቸው መሆናቸውን ሰማሁ።

በመጨረሻ መንግሥት ተለወጠ። በዚያ ክረምት የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ እትዬ አሰለፈች መንገድ ዳር እንስራ አስቀምጠው ውሃ ያጠጡ እንደነበር ነግረውኛል። «ይበልጣል!» ብለው ሲጣሩ ከሰልፉ ውስጥ አንዳንዱ ዞር ይል ነበር አሉ። የሳቸው አልነበረም። የአያ ደረሰ ልጅ በሐምሌ መጣ። ሰው ማለፉ እየሳሳ ሄዶ ሲያበቃ እንስራውን ወደ ቤት አስገቡ።

ኅዳር ላይ ልጠይቃቸው ቡሬ ሄድኩ። ፀጉራቸው እንዳለ ነጥቷል። ድምፃቸው በሥራም በቤትም አንድ ሆኗል፤ ጡረታ ወጥተው ስለነበር የሚጮኹለት ሰው የለም። ስለ ይበልጣል አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሡም።

«እንግዶችዎ መጡ?» አልኳቸው።

«መጥተዋል። እንሂድ።»

ማኅበሩ ፈርሶ መሬቱ ተከፋፍሏል። የጨፌው ዳር የታረሰበት ምልክቱ እንኳ ጠፍቶ ግጦሽ ሆኗል። ከእርሻው የሚያባርራቸው የለም፤ መርዝ የሚበትንባቸውም የለም። ወፎቹ ግን አልረሱም። ከሩቅ ሲያዩን ተነሥተው ወደ ማዶ ራቁ።

«ሻሉን ለምን አይቀይሩትም?» አልኳቸው። «ሻሉን ነው የሚፈሩት።»

«ብቀይረውማ እኔ መሆኔን በምን ያውቃሉ?»

ሳሩ ላይ ተቀመጥን። መንጋው ከማዶ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከመካከላቸው አንዱ ግን አብሮ አልተነሣም ነበር። አናቱ ላይ ቀይ ነገር የለውም፤ ራሱ ገና ቡናማ ነው።

«የዘንድሮ ልጅ ነው» አሉኝ። «እዚያ ተወልዶ ነው የመጣ። እኔን አያውቀኝም።»

ወጣቱ ወፍ ሳሩን እየለቀመ ወደ እኛ መጣ። ቀና ይላል፣ ያየናል፣ ደግሞ ይለቅማል። እትዬ አሰለፈች መተንፈስ አቆሙ ብል ማጋነን አይሆንም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀርቷል። ወፉ ዓይኑ እስኪታየን ድረስ ቀረበና ቆመ። ቢጫውን ሻል በአንድ ጎን፣ ከዚያ አንገቱን አዙሮ በሌላው ጎን አየ።

«ይኸው» አሉ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «ይኸው መጣልኝ።»

በዚህ ጊዜ ከማዶ፣ ከመንጋው መካከል፣ አንድ ረጅም ጩኸት መጣ። ወጣቱ ወፍ አንገቱን መዘዘ። ጩኸቱ ተደገመ። ሮጥ ሮጥ ብሎ ክንፉን ዘረጋና በውሃው ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ሄደ። ከእናቱ ጎን ሲያርፍ ሁለታችንም አየን።

እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሡ።

«ሰማት» አሉ።